የሚንኳኳው ሰዓት ጤነኛ ነው

ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ መንገድ ዳር የሚቀመጡ ሰዓት ጠጋኞች ዘንድ አልፎ አልፎ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። ወጣት ነው፤ የአያቱን ሰዓት ከኪሱ ያወጣል። ቡና ጥሩ ዋጋ ባወጣበት ዘመን የተገዛ፣ ፊቱ ወደ ክሬም የዞረ አሮጌ ኦሜጋ።

"ጋሼ፣ ውስጡ የሆነ ነገር ላልቷል መሰለኝ። ሳንቀሳቅሰው ይንኳኳል።"

ጋሼ ሰዓቱን ጆሯቸው ሥር አድርገው ወዲህ ወዲያ ያዘነብሉታል። ኳ። ኳ።

"ምንም የላላ የለውም ልጄ። አሠራሩ ነው። ዝም ብለህ እሰረው።"

ወጣቱ እሺ ይላል እንጂ ልቡ አያምንም። አይፈረድበትም፤ እዚህ አገር "አሠራሩ ነው" ማለት ብዙ ጊዜ "እኔም አላውቀው" ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን ጋሼ ልክ ናቸው። የሚንኳኳው ሰዓቱን የሚሞላው ክብደት ነው። የውጭ ሰብሳቢዎች በምፐር ይሉታል፤ መዶሻ የሚሉትም አሉ። ዛሬ በዚህ መንገድ ሰዓት የሚሠራ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አንዱ እጃችሁ ከገባ ምን እንደያዛችሁ ብታውቁ ይሻላል። ብዙዎቹ የተበላሹት በእርጅና ሳይሆን "እናስተካክለው" በተባለ ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱ በምን ጉልበት እንደሚሄድ እንይ። ድንጋይ የለውም። ጉልበቱ የሚመጣው ከአንድ ረጅምና ስስ የብረት ሞላ ነው። ሞላው ትንሽ ክብ ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ሲጠበቅ ጉልበት ያጠራቅማል፤ ሲፈታ ያንን ጉልበት ለጥርሳም ጎማዎቹ ይሰጣል። ዝም ብሎ ቢለቀቅ ወዲያው ተፈትቶ ያልቃል። ስለዚህ ከመጨረሻው ጎማ ቀጥሎ የሚቆጣጠር አለ፤ ወዲህና ወዲያ የምትወዛወዝ ትንሽ ቀለበት። ጥርሶቹን ተራ በተራ የምታሳልፋቸው እሷ ናት። የምንሰማው ትክትክታም ከዚያ ነው የሚመጣው።

የኦሜጋ በምፐሮች ቀለበት በሰዓት 19,800 ጊዜ ትወዛወዛለች። በሴኮንድ አምስት ተኩል፣ በቀን 475,200 ማለት ነው። ይህን ሁሉ ቆጥራ በቀን አንድ ደቂቃ ብትስት ሰው ሰዓቱን ያማርራል። የሳተችው ግን ከ1,440 ደቂቃ አንዷን ነው። ሰባ ዓመት ለሞላው ዕቃ እኔ ብሆን አልቀየመውም።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል። ያንን ሞላ ማን ይጠቅልለው? የድሮው መልስ "ባለቤቱ" ነው። ጠዋት ጠዋት ጎን ላይ ያለችውን መሙያ በሁለት ጣት ማዞር። ችግሩ ሰው ይረሳል። ሌላም ከዚህ የባሰ ችግር አለ። የመሙያዋ ዘንግ ወደ ሰዓቱ ሆድ የምትገባው በቀዳዳ ነው። አቧራና እርጥበትም በዚያው ይገባሉ።

ይህ ሁለተኛው ነገር ያሳሰበው ጆን ሃርዉድ የሚባል እንግሊዛዊ ሰዓት ሠሪ ነበር። ቀዳዳው ጨርሶ ቢቀር ብሎ አሰበ። መሙያ ከሌለ ግን ሰዓቱ ራሱን መሙላት አለበት። ራሱን የሚሞላ የኪስ ሰዓት እንኳ ከ1770ዎቹ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.፣ ከዚህ በታችም እንደዚያው) ተሞክሯል። ግን ኪስ ውስጥ የተሰቀለ ሰዓት ብዙ አይንቀሳቀስም። ክንድ ግን አያርፍም። ሰው ሲበላ፣ ሲያወራ፣ ሲጽፍ፣ ሲጨባበጥ እጁ ይወዛወዛል። ሃርዉድ ያንን በከንቱ የሚባክን እንቅስቃሴ ያዘው። ሰዓቱ መሐል ላይ አንድ ወገኑ የከበደ የብረት ቁራጭ ተከለ። እጅ ሲያዘነብል ክብደቱ ወደ ታች ይወድቃል፤ ሲወድቅ ሞላውን ትንሽ ይጠቀልላል። የስዊዘርላንድ ፓተንቱን (የፈጠራ መብቱን) ያገኘው በ1924 ነው። ከፎርቲስ ኩባንያ ጋር ሆኖም ለገበያ አወጣው።

የሃርዉድ ሰዓት ጎኑ ልሙጥ ነው፤ መሙያ የለውም። ሰዓት ማስተካከል ሲያስፈልግ በመስታወቱ ዙሪያ ያለው ጠርዝ ይዞራል። ቆንጆ ሐሳብ ነበር። ግን ሰዓቱ ሙሉ ሲሆን የሚሄደው 12 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ማታ አውልቆ የተኛ ሰው ጠዋት የቆመ ሰዓት ሊያገኝ ይችላል። የዓለም ኢኮኖሚም በዚያው ሰሞን ተንኮታኮተና የሃርዉድ ኩባንያ በ1931 ከሰረ።

ሃርዉድ የተከለው ክብደት ሙሉ ዙር አይዞርም። በሁለቱም ጫፍ ትንሽ ሞላ ይጠብቀዋል። ክብደቱ ሄዶ ሞላውን ይገጫል፤ ሞላው መልሶ ይገፋዋል፤ ወደ ሌላው ጫፍ ሄዶ እዚያም ይገጫል። እጅ ላይ የሚሰማው "ኳ" ይህ ነው። የብረት ለብረት ምት አይደለም። በሞላ ላይ ያረፈ ለስላሳ ምት ነው።

"ለምን ሙሉ ዙር አያዞሩትም ታዲያ?" የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሮሌክስ በ1931 ያደረገው ይህንኑ ነው። ክብደቱን ያለምንም ማገጃ ሙሉ ዙር እንዲዞር ለቀቀው። አልፎም ፓተንት ያዘበት። ሌሎቹ ኩባንያዎች አውቶማቲክ፣ ማለትም ራሱን የሚሞላ ሰዓት ለመሥራት ሲነሡ ያ በር ተዘግቶ ጠበቃቸው፤ ብዙዎቹ ወደ መዶሻው ተመለሱ። ኦሜጋ የመጀመሪያውን በ1943 አወጣ፤ የውስጥ ማሽኑ ካሊበር 28.10 ይባላል። ቲሶት፣ ዜኒትና ሲማም የየራሳቸውን ሠርተዋል። የ1940ዎቹና የ1950ዎቹ መጀመሪያ ብዙ አውቶማቲኮች በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው። በ1952 የወጣው የመጀመሪያው ኦሜጋ ኮንስቴሌሽን ሳይቀር ውስጡ መዶሻ ነው፤ ያውም በትክክለኛነት ፈተና አልፎ የክሮኖሜትር የምስክር ወረቀት ያገኘ። ስለዚህ "ድሮ ስላላወቁበት ነው እንጂ" የሚሉትን አትስሙ።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የጄገር ሌኩልትር ፊውቸርማቲክ ነው። የ1950ዎቹ ሥራ ነው። ማስተካከያው ጀርባው ላይ እንጂ ጎኑ ላይ አይደለም። ሞላው ሲሞላ ደግሞ አንዲት መንጠቆ ክብደቱን ይዛ ታስቆመዋለች፤ ጉልበት ሲጎድል ትለቀዋለች። ብልሃት ነው። ጥገናው ግን ራስ ምታት ነው። አግኝቼ እንኳ ለመግዛት ሁለቴ አስባለሁ።

ወደ እኛው ኦሜጋ እንመለስ። ጋሼ ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው የኋላ ክዳኑን ሲከፍቱት መጀመሪያ የሚታየው ቀለሙ ነው። ኦሜጋ በዚያ ዘመን የሰዓቱን አካል ወደ መዳብ የሚያደላ ቀለም ይቀባው ነበር። ከጠፍጣፋው አካል በላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለው ክብደት ተንጠልጥሏል። በወረንጦ ጫፍ ቀስ ብለው ገፋ ያደርጉታል። ሄዶ ጫፍ ላይ ያለችውን የፀጉር ያህል ሞላ ይነካል፤ ሞላዋ ትጨመቅና ትመልሰዋለች። ሁለት ሦስት ጊዜ ተወዛውዞ ይቆማል። በአንዱ አቅጣጫ ሲሄድ ከሥሩ አንድ ጎማ አብራ ትዞራለች። በሌላው ሲመለስ ጎማዋ ዝም ትላለች። የብስክሌት ፔዳል ወደ ፊት ሲረገጥ የኋላ ጎማውን እንደሚያዞረው፣ ወደ ኋላ ሲረገጥ ግን ባዶውን እንደሚዞረው ነው። በአብዛኞቹ መዶሻዎች የሚሞላው አንዱ ጉዞ ብቻ ነው። ሌላው መመለሻ ነው።

በአንድ ምት የሚገባው ጉልበት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ምቱ ግን በቀን ብዙ ሺህ ነው። ገበያ የሚዞር፣ ዕቃ የሚያነሣ፣ ቡና የሚያበጥር ሰው እጅ ላይ ሰዓቱ ማታ ሞልቶ ያድራል። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ለተቀመጠ ሰው ግን ላይበቃው ይችላል። ጥሩነቱ ኦሜጋው እንደ ሃርዉድ አይደለም፤ መሙያ አለው። የቆመን ሰዓት ለማስነሣት ሃያ ዙር ያህል መሙላት ይበቃል። የቀረውን እጃችሁ ይጨርሰዋል።

"ቢሞላ ቢሞላ ሞላው አይበጠስም ወይ?" አይበጠስም፤ ምክንያቱ ደግሞ መታወቅ አለበት፤ ብዙ ጥፋት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። በእጅ ብቻ በሚሞላ ሰዓት የሞላው የውጭ ጫፍ በቤቱ ግድግዳ ላይ በመንጠቆ ይያዛል። ስለዚህ ሲሞላ መሙያዋ ትቆማለች። በአውቶማቲክ ላይ ጫፉ አልተያዘም። ግድግዳውን ተጭኖ ብቻ ይቆማል፤ ጉልበቱ ሲበዛ ይንሸራተታል። አሁን ሞላው ያረጀና መለዋወጫ የጠፋ እንደሆነ አንዳንዱ ጠጋኝ በእጅ ብቻ የሚሞላ ሰዓት ሞላ ይከትበታል። ሰዓቱ ይነሣል፤ ባለቤቱም ደስ ብሎት ከፍሎ ይሄዳል። ክብደቱ ግን መምታቱን አያቆምም፤ መሄጃ የሌለው ጉልበት ጥርሶቹን ይበላቸዋል። ወይ ሞላው ይበጠሳል፣ ወይ የመሙያው ጎማ ይላጫል። ስለዚህ ሞላ ሲቀየር "የአውቶማቲክ ነው ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ጥሩ ጠጋኝ አይቀየምም።

ሌላው የሚደክመው የጫፍ ሞላዎቹ ናቸው። በስንት ሚሊዮን ምት ይለሰልሳሉ፣ ይሰበራሉ። ሲሰበሩ ድምፁ ይለወጣል፤ ለስላሳው "ኳ" ቀርቶ ደረቅ "ቃ" ይሆናል፤ ያኔ ብረት ለብረት ነው። የጤነኛው ድምፅ ሁለት ምልክት አለው፤ ሁልጊዜ በሁለቱ ጫፎች ብቻ ነው የሚሰማው፣ ትንሽም የመንጠር ስሜት አለው። ያለ ሥርዓት የሚንከባለል ነገር ከሰማችሁ ግን የወጣ ብሎን ሊሆን ይችላልና አታጥልቁት። ሙሉ ዙር የሚዞረው ዓይነት ደግሞ ጭራሽ አይንኳኳም። ስታዘነብሉት ሳይቋረጥ ሽርር ብሎ ይዞራል።

ስለ እጥበትም ላንሣ። አሮጌ ዘይት ይደርቅና ሙጫ ይሆናል። በላዩ አዲስ ዘይት ማንጠባጠብ ጥገና አይደለም፤ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ከሆነማ ጭራሽ። ሰዓቱ መፈታት፣ መታጠብ፣ በየቦታው በልኩ መቀባት አለበት። ሲታጠብ ደግሞ አልኮል ውስጥ የማይነከር አንድ ክፍል አለ። ጥርስ የምትይዘው ትንሿ ሹካ ላይ ያሉት ቀይ የሩቢ ድንጋዮች የተጣበቁት ሼላክ በሚባል ሙጫ ነው። አልኮል ሼላክን ያሟሟል። ድንጋዮቹ ከተነቃነቁ እዚህ ከተማ ይቅርና አዲስ አበባም የሚያስተካክላቸው ሰው መፈለግ ሥራ ነው።

ጅማ ደግሞ ዝናብ አገር ናት። ለአሮጌ ሰዓት ከመውደቅ ቀጥሎ ጠላቱ እርጥበት ነው። ክዳኑ ሥር ያለው የሰባ ዓመት የላስቲክ ማሸጊያ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ ውሃ አያግድም። ክዳኑ ላይ ውሃ አያስገባም የሚል ቢጻፍም የተጻፈው ያኔ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ውስጥ ዝናብ ሲይዛችሁ አውልቃችሁ ኪስ ብትከቱት ይሻላል። መስታወቱ ከውስጥ ካላበው ፀሐይ ላይ ማስጣት መፍትሔ አይደለም። ጉሙ ለጊዜው ይጠፋል፤ ውሃው ግን እዚያው ነው፤ ሲበርድ ተመልሶ የሚያርፈው ብረቱ ላይ ነው። በዚያኑ ቀን ማስከፈት ነው የሚያዋጣው። የዝገት ነጥብ ሁለት ቀን አይጠብቅም።

አሁን ደግሞ ሰዎች ገንዘብ የሚያጡበት ቦታ። ፊቱ ቢጫ ሆኗል፣ ነጠብጣብ አለበት፣ ጽሑፉ ደብዝዟል። "ፊቱን አዲስ ላርግልህ?" የሚል ሰው አይጠፋም። አታድርጉት። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለዚያ ላረጀው ፊት ነው። ተቀብቶ የተጻፈ ፊት የሰዓቱን ዋጋ ከግማሽ በታች ቢያወርደው አይግረማችሁ። መስታወት መቀየር ይቻላል። ማሰሪያም ይቀየራል። መሙያም ኦርጅናሉ ጠፍቶ ከሆነ ምን ይደረጋል። ፊቱን ግን ተዉት።

ፊቱን አለመንካት ሌላም ምክንያት አለው። ቁጥሮቹና ቆጣሪዎቹ ላይ ያ ጨለማ ውስጥ የሚያበራ ቀለም ካለ፣ በዚያ ዘመን የሚሠራው በራዲየም ነበር። አሁን አያበራም፤ የደከመው ግን የሚያበራው ቅመም እንጂ ራዲየሙ አይደለም። ራዲየም ግማሹ እስኪጠፋ 1,600 ዓመት ይፈጃል። ሰዓቱ ተዘግቶ እጅ ላይ ሲታሰር የሚያሰጋው ያን ያህል አይደለም። አደጋው ተከፍቶ ቀለሙ ሲፋቅና ብናኙ ሲተነፈስ ነው። በጥፍር፣ በካቻቢቴ፣ በምንም አትፋቁት። ቁርስ የሚበላበት ጠረጴዛ ላይም አይከፈት።

የአያትየው ሰዓት መቼ እንደተሠራ ማወቅ ከፈለጋችሁ ኦሜጋ ላይ ቀላል ነው። ክዳኑ ሲከፈት ሰዓቱ አካል ላይ ስምንት አሃዝ ያለው ቁጥር ተቀርጿል። በ10 ሚሊዮን የሚጀምረው ወደ 1944 ነው። 11 ሚሊዮን ወደ 1947፣ 12 ሚሊዮን ወደ 1950፣ 13 ሚሊዮን ወደ 1952፣ 14 ሚሊዮን ወደ 1954 ይጠጋል። የአንድ ሁለት ዓመት ልዩነት ይኖረዋል። በዚያው ከ1955 እስከ 1956 ባለው ጊዜ ኦሜጋም ወደ ሙሉ ዙር ተሻገረ። የመዶሻው ዘመን በዚያ አበቃ። ስለዚህ ቁጥሩ 20 ሚሊዮን የሆነ ሰዓት "በምፐር ነው" ተብሎ ሊሸጥላችሁ ከመጣ፣ ወይ ሻጩ አያውቅም ወይ እናንተ አታውቁም ብሎ ገምቷል።

አንድ የቀረ ነገር፣ እኛን ብቻ የሚመለከት። ብዙ ሰው ቆጣሪውን በእኛ አቆጣጠር ያደርገዋል፤ ጠዋት ሲነጋ 12። ቀን የማያሳይ ሰዓት ላይ ምንም ችግር የለውም። ቀን የሚያሳዩ በምፐሮች ግን አሉ። ሰዓቱ ቀን የሚቀይረው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገናኙ፣ በሁለት ዙር አንዴ ነው። በእኛ አቆጣጠር ያ ወይ ጎሕ ሲቀድ ነው፣ ወይ ፀሐይ ስትገባ። አመሻሽ ላይ የሚቀይር ከሆነባችሁ የሰዓት ቆጣሪውን አንድ ሙሉ ዙር ወደ ፊት አዙሩት፤ ከዚያ በኋላ ጠዋት 12 ላይ ይቀይራል።

ወሩ ላይ ነው ጉዱ። ሰሌዳው እስከ 31 ስለሚቆጥር በየወሩ መጨረሻ አንድ ቀን መግፋት ያስፈልጋል። ያን ዘመን ሰዓት ደግሞ ቀኑን ለብቻው አይገፋም፤ ቆጣሪዎቹን ሙሉ 24 ሰዓት ማዞር ነው። ለአንድ ቀን ምንም አይደል። ጳጉሜ 5 አልቆ አዲስ ዓመት ሲገባ ግን ሰዓቱ 6 ብሎ ይጠብቃችኋል። ከ6 ወደ 1 ለመድረስ 26 ቀን መግፋት ነው፤ የሰዓት ቆጣሪው 52 ዙር፣ የደቂቃ ቆጣሪው 624 ዙር። የእንቁጣጣሽ ዕለት ጣታችሁን ከማድከም፣ የዚያችንም አሮጌ ዘንግ ዕድሜ ከማሳጠር ይልቅ ተዉት። ቀኑ ይሳት፤ ሰዓቱ ልክ ከሆነ ይበቃል። ቀን ስልካችሁ ላይ አለ።